ባለ ብዙ ዋቱ ሞንታርቦ

የድምፅ መሣሪያ መግጠም እንጀራዬ ነው። ከደብር የሚመጡ ኮሚቴዎች የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ሁሌም ያው ነው፤ “ስንት ዋት ነው?” ቀጥሎ “ከእነ እገሌ ደብር ይበልጣል?” ይመጣል። ይሰማል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ብዙም አይገጥመኝም።

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ ደብር ሕንፃውን አድሶ ጠራኝ። ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጣሪያው የኮንክሪት ዶም፣ ግድግዳው ልሙጥ። አሜሪካ የሚኖር አንድ ምዕመን በላከው ገንዘብ ሁለት ትልልቅ ሞንታርቦ ተገዝቶ በምዕራቡ በር ግራና ቀኝ ቆሟል። ስብከቱ ግን አይሰማም። የኮሚቴው ሰብሳቢ መፍትሔውን ይዘው ነው የጠበቁኝ፤ “ኢንጂነር፣ ሁለት ጨምርልንና ይገላገል።”

ቤቱ ባዶ እያለ መሐል ቆሜ አንዴ አጨበጨብኩ። ጭብጨባው ዶሙ ሥር ዞሮ ዞሮ እስኪጠፋ “አቡነ ዘበሰማያት” ማለት የሚያስጀምር ጊዜ አለው። ሰብሳቢው ደስ አላቸው። “ግርማ አለው!” አሉ። ለዜማው እውነታቸውን ነው፤ የተሳበ ድምፅ እንዲህ ያለ ቤት ይወዳል። ንግግር ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። አንዱን ቃል ከሌላው የሚለዩት እንደ ስ፣ ት፣ ክ፣ ፍ ያሉት ደካማ ድምፆች ናቸው። ያለፈው ቃል ገደል ማሚቶ ገና እየዞረ ሳለ ይመጡና ይዋጣሉ። ድምፁን ስትጨምረው ማሚቶውም አብሮ ይጨምራል። ዋትም ቢሆን እጥፍ ሲሆን የሚያመጣው 3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ብቻ ነው። ጆሮ “ትንሽ ጨመረ እንዴ?” ብሎ የሚያልፈው ዓይነት።

ይህን ሁሉ ለኮሚቴው አስረዳሁ። ማንም አላመነኝም። የኔ ቢጤ ሻጭ ስንቱን ሲያወራ ሰምተዋል፤ አልፈርድባቸውም።

ስለዚህ እሑድ ሰው በሞላበት እንሞክረው አልኩ። ባዶ ቤትና የሞላ ቤት አንድ አይደሉም፤ ሰውና ጋቢ ድምፅ ይመጥጣሉ። ዲያቆኑ የዝቋላን ጉዞ ማስታወቂያ ሲያነብ እኔ ከሰብሳቢው ጋር በሴቶቹ በኩል ዞሬ፣ ከመቅደሱ ጀርባ ቆምኩ። ክብ ቤተ ክርስቲያን ላይ ችግሩ ይህ ነው። መቅደሱ መሐል ስለሆነ ከፊት የተለቀቀውን ድምፅ ይጋርደዋል። ከጀርባ ያለው ሰው የሚደርሰው ከግድግዳ የተመለሰው ብቻ ነው። አጠገቤ ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡ እናት ነበሩ።

“እማማ፣ ጉዞው መቼ ነው አሉ?”

“እኔ እንጃ ልጄ። ድምፅማ ሞልቷል። እኛ እዚህ አሜን የምንለው ወንዶቹ ሲሉ ሰምተን ነው።”

ሰብሳቢው እኔን ትተው ሌላዋን እናት ጠየቁ። ከዚያ ሌላዋን። ሲመለሱ ስለ ዋት አላነሱም።

ያቀረብኩት ቀጫጭን ኮለም (ዓምድ መሰል) ስፒከር በየምሰሶው ላይ ነው። ወደ ሰው ዘንበል ብሎ፣ ቀስ ብሎ የሚያወራ። ሰውየው ጋ ቀርቦ የሚናገር ትንሽ ስፒከር ዶሙን አያስጮኸውም። “ይቺ?” አሉ አንደኛው የኮሚቴ አባል፣ በሁለት ጣታቸው አንስተው። ከሻጩ በውሰት አምጥቼ አንድ ምሰሶ ላይ አሰርኳት። እናቶቹ የጉዞውን ቀን ነገሩን፣ ዋጋው ተወደደ ብለውም አጉረመረሙ። ለሙከራ የማያበድር ሻጭ ካጋጠማችሁ መርካቶ ሰፊ ነው፣ ወደ ሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።

በጣም ያስቸገረኝ የመቅደሱ ማይክ ነው። እኔ ምዕመን ነኝ፣ መቅደስ አልገባም። ስለዚህ ከመጋረጃው ውጭ ቆሜ ለዲያቆኑ እነግረዋለሁ፣ እሱ ያስቀምጣል። “ወደ አፋቸው አቅርበው” እላለሁ። ማይክና አፍ ያላቸው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ 6 ዴሲቤል በነፃ ይገኛል፤ ማይኩ ከራቀ ግን ሚክሰሩ ላይ መጨመር ግድ ይሆንና ፉጨቱ ይመጣል። “እዚያ ከሆነ ቄሱ ሲያጥኑ ጽናው ይመታዋል” ይለኛል ከውስጥ። ልብስ ላይ የሚሰካውን ሞከርን። የካባው ጥልፍ እየፈተገው ቅዳሴው ሁሉ ኮሽ ኮሽ ሆነ። መጨረሻ ላይ መላውን ያመጣው ራሱ ዲያቆኑ ነው። አንገቷ የሚታጠፍ ትንሽ ማይክ አትሮንሱ ጫፍ ላይ አሰረ። ጽናውም አይደርስባትም፣ ካህኑም የሚያነቡት ወደ እሷ ዞረው ነው። ከበሮው ማይክ አያስፈልገውም አልኩ፤ በዚህ ብቻ ማንም አልተከራከረኝም።

ግቢው ውስጥ ያሉትን ጥሩምባ ስፒከሮች ደግሞ ወደ ውስጥ አዞርናቸው። ድምፅ 34 ሜትር ለመሄድ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፣ ስለዚህ ቅርብና ሩቅ ያሉ ሁለት ጥሩምባዎች አንዱን ሰባኪ ሁለት ያደርጉታል። ጎረቤትም አለ። ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው ወሰን ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። የደብሩ አስተዳዳሪ ይህን ሲሰሙ “እንግዲያው ለማኅሌት የውጪውን አጥፉት” ብለው ጨረሱት።

ያልተጠበቀው ጣጣ የመጣው ከአሜሪካ ነው። ገንዘቡን የላኩት ሰው ፎቶ አይተው ደወሉ፤ “የኔ ሞንታርቦ የት ገባ?” ሰብሳቢው ስልኩን ለኔ አቀበሉኝ። ሜዳ ላይ ድምፅ የሚመልስ ግድግዳ የለም፣ ሰዉም ብዙ ነው፣ ትልቅ ስፒከር ቦታው እዚያ ነው አልኳቸው። ለጥምቀት ሁለቱም አይሱዙ ላይ ተጭነው ከታቦቱ ጋር ወጡ፤ ሰውየውም ቪዲዮው ተልኮላቸው ለጄኔሬተር የሚሆን ጨመሩ።