ከሆስፒታል ወደ ጥርስ ሐኪም የሚሄደውን የመልስ ደብዳቤ እንዴት አሻሻልነው

በምሠራበት የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ታካሚ ለላኩልን የጥርስ ሐኪሞች የምንጽፈው የመልስ ደብዳቤ ምን ያህል እንደሚጠቅማቸው ለመመርመር በተነሣሁ ጊዜ፣ ፋይል ከመክፈቴ በፊት ሐኪሞቹን ራሳቸውን ጠየቅሁ። የሚፈልጉት ግልጽ ነበር፤ በሽታው ምን ሆኖ ተገኘ፣ ምን ተሠራለት፣ ከእንግዲህስ የትኛው ሥራ የእነሱ፣ የትኛው የእኛ ነው? ይህንኑ መመዘኛ አድርጌ በቅርብ የተላኩ ደብዳቤዎችን በዘፈቀደ እያወጣሁ መዘንኳቸው።

የበሽታው ስም የጎደለበት ደብዳቤ እምብዛም አልነበረም፤ ድክመቱ ጎልቶ የታየው በመጨረሻዎቹ መስመሮች ላይ ነው። «ክትትል ይደረግለት» የሚለው ሐረግ ተደጋግሞ ይገኛል፤ ማን፣ በየስንት ጊዜው፣ ምን ምልክት እየፈለገ እንደሚከታተል ግን አይናገርም። ዋርፋሪን የተባለውን የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት ለሚወስድ ታካሚ «ጥርሱ ሲነቀል ጥንቃቄ ይደረግ» ብሎ መጻፍም ከዚህ አይሻልም፤ ሐኪሙ ማወቅ የሚገባው መድኃኒቱ ይቋረጥ ወይስ ይቀጥል፣ ደሙ ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚለካው የአይ ኤን አር ምርመራ መቼ ይሠራ፣ ውጤቱስ ከስንት በታች ሲሆን ይነቀል የሚለውን ነውና። ለምሳሌ በብሪታንያ በሚሠራበት መመሪያ፣ ከመንቀሉ በፊት ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ የተሠራው ምርመራ ውጤት ከ4 በታች ከሆነ ዋርፋሪኑ ሳይቋረጥ ጥርሱን መንቀል ይቻላል። ቢስፎስፎኔት የሚባሉትን የአጥንት መድኃኒቶች ለሚወስዱ ታካሚዎችም የመድኃኒቱን ስም ብቻ መጥቀስ አይበቃም፤ ለአጥንት መሳሳት በአፍ የሚወስደውና ለካንሰር በደም ሥር የሚሰጠው ታካሚ፣ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የመንጋጋ አጥንታቸው የመሞት ስጋቱ በእጅጉ ይለያያል።

ያልጠበቅሁት አደጋ የተገኘው በጥርስ ቁጥር ላይ ነው። በዓለም የጥርስ ሕክምና ፌዴሬሽን (ኤፍዲአይ) አቆጣጠር 18 ማለት የላይኛው ቀኝ የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ ሲሆን፣ ከ1 እስከ 32 በሚቆጥረው ሥርዓት ግን ያው 18 የታችኛው ግራ ሁለተኛ መንጋጋ ጥርስ ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን የጥርሱ ቦታ በቃላት እንዲጻፍ አደረግን፤ ጸሐፊውን ቢያሰለችም ጤነኛ ጥርስ ከመንቀል ይሻላል።

ለደብዳቤው ባዘጋጀነው አዲስ ቅጽ የተገኘው በሽታ፣ የተሠራው ሕክምናና ከላኪው የሚጠበቀው ሥራ በደብዳቤው አናት ላይ ይሰፍራሉ፤ ዝርዝሩ ከሥር ይከተላል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ቅጽ አሳብን ያደነዝዛል ሲሉ ተቃወሙ። በከፊል እውነት አላቸው፤ ምክንያቱ ያልታወቀ የፊት ሕመም በሦስት መስመር አይገለጽም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ታካሚ ነጻው አጻጻፍ እንዲቀጥል ተስማማን።

በድጋሚ ስመዝን የክትትሉ ክፍል በግልጽ ተሻሽሎ አገኘሁት፤ ደብዳቤው የሚደርስበት ጊዜ ግን እንደ ቀድሞው ነበር። ከታካሚው ለምርመራ የተወሰደው ናሙና ውጤት እስኪመጣ ደብዳቤው ስለሚቆይ፣ ታካሚው ከደብዳቤው ቀድሞ ወደ ጥርስ ሐኪሙ ይመለሳል። አሁን በተመረመረበት ዕለት አጭር ደብዳቤ ልከን ውጤቱን በሌላ እናስከትላለን፤ ውጤቱ ካንሰር ከሆነ ግን ስልክ ይቀድማል። ላኪዎቹም በበኩላቸው ታካሚው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች፣ ራጅ የተነሣበትን ቀንና ከእኛ የሚፈልጉትን ነገር በሪፈር ወረቀቱ ላይ በግልጽ እንዲያሰፍሩ ጠየቅናቸው፤ ጥያቄው ተለይቶ የተጻፈበት ወረቀት ሲመጣ መልሱን ለመጻፍ ብዙ አንቸገርም።