ቶሎ የምትጨርሰው ልጅ

"ቲቸር፣ ጨርሻለሁ!"

ሐዋሳ 5ኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምር ይህን በየቀኑ የምሰማው ከአንዲት ልጅ ነበር። ክፍሉ ውስጥ 60 ተማሪ አለ። እኔ ገና ጥያቄዎቹን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳልጨርስ እሷ ሠርታ ጨርሳ አጠገቧ ያሉትን ታስወራለች። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና አንበረከክኋት። ከዚያ ወዲያ "ጨርሻለሁ" ማለቷን ተወች። ዓመቱ ሲያልቅ ውጤቷ መካከለኛ ሆነ። እኔ ግን አደብ ገዛች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ አሜሪካ መጣሁ። ሕፃናት ማቆያ ሠራሁ፤ ቀጥሎ ረዳት መምህር ሆንኩ። በኋላም ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውን ልጆች ለሚያስተምሩ መምህራን የሚሰጥ የማስተርስ ትምህርት ጀመርኩ። ማታ ማታ፣ ልጆቼ ሲተኙ፣ በኦንላይን። ስገባ "ጎበዝ ልጅ ምን እገዛ ያስፈልገዋል? ራሱ ይወጣዋል" የሚል እምነት ነበረኝ።

መጀመሪያ ካነበብናቸው አንዱ የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲው ጆሴፍ ሬንዙሊ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጽሑፍ ተሰጥኦን በፈተና ውጤት ብቻ አልለኩትም። ከአማካይ ከፍ ያለ ችሎታ፣ ፈጠራ፣ የያዙትን ሥራ ሙጭጭ ብሎ አለመልቀቅ፤ ሦስቱ ሲገናኙ ነው ይላሉ።

እኔን የነካኝ ግን ልጁ የሚያውቀውን ትምህርት የማሳጠር ዘዴ ነው። ምዕራፉ ሳይጀመር አጭር ፈተና ይሰጣል። ልጁ የሚያውቀውን ይዘላል። በተረፈው ጊዜ ከበድ ያለ፣ የሚያጓጓው ሥራ ይይዛል። ቶሎ ስለጨረሰ 20 ጥያቄ መጨመር ቅጣት ነው። ሁልጊዜ ሌሎቹን እንዲያስጠና ማድረግም ያው ነው። ያን ሌሊት ኮምፒውተሩን ዘግቼ አለቀስኩ። የታየኝ የዚያች ልጅ ጉልበት ነው።

እዚህ አሜሪካም ቢሆን እንግሊዝኛ ገና ያልቀናቸው የስደተኛ ልጆች ከተሰጥኦ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ ይቀራሉ። ልጅ ያላችሁ፣ እባካችሁ ትምህርት ቤቱን ጠይቁ። ዝም አትበሉ።

ባለፈው ጥር ለጥምቀት ሐዋሳ ገባሁ። የድሮ ባልደረባዬ አሁንም ያስተምራሉ። የተማርኩትን ስነግራቸው "አንቺ ልጅ፣ የኔ ክፍል እኮ 64 ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። "ጋሼ፣ አምስት ጥያቄ ብቻ፣ አንድ ቀን ይስጡኝ" አልኳቸው።

ክፍልፋይ ሊጀምሩ ነበር። ፈተናውን ሰጠን። ሦስት ልጆች ሁሉንም አገኙ። አንደኛው ጋሼ ሰነፍ የሚሉት ልጅ ነው። ደብተሩ ባዶ ነው።

ለሦስቱ ሥራ ሰጠናቸው። ቅዳሜ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያ ወርደው አንድ ቆሮሶ የሚባል ዓሣ ቅርፊቱ ተፍቆ፣ አጥንቱ ወጥቶ ከክብደቱ ስንት እጁ ሥጋ ሆኖ እንደሚቀር እንዲያሰሉ። ሚዛን ከአንዱ ነጋዴ ለመኑ። አምስት ዓሣ መዘኑ። እኔም አብሬያቸው ነበርኩ፤ ዓሣ የሚበልቱት ሰዎች ሥራ እያቆሙ ያስረዷቸው ነበር።

ሰኞ ዕለት ያ ልጅ ሁለት ገጽ ሞልቶ መጣ። አምስቱም መልስ እኩል አይደለም።

"ቲቸር፣ ልዩነቱ ከዓሣው ነው ወይስ ከቢላው?"

ጋሼ የያዙትን ጠመኔ ዘረጉለት። "እስቲ ና፣ ሰሌዳ ላይ አሳየን።"