በማን ስም ተከፈተ?

ነርስ ነኝ። ሥራ ስጀምር የታካሚ ካርድ ወረቀት ነበር። የሰው ካርድ ማየት የፈለገ ካርድ ክፍል ሄዶ፣ ጠይቆ፣ እስኪፈለግለት ቆሞ ነው የሚያገኘው። ያ ድካም ራሱ ምስጢር ይጠብቅ ነበር። አሁን ኮምፒውተር ላይ ስም መጻፍ ይበቃል።

አንዲት የሥራ ባልደረባችን ታማ እኛው ጋ ተኛች። በማግስቱ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ የምርመራ ውጤቷ ሲወራ ሰማሁ። በክፋት ያነሳው የለም፤ ሁሉም ከንፈሩን እየመጠጠ ነው። እሷ ግን ለማንም አልተናገረችም።

ሲስተሙ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛውን ፋይል እንደከፈተ ይመዘግባል። ኃላፊያችን መዝገቡን ስታስወጣ ፋይሉ በዚያ ሌሊት 11 ጊዜ ተከፍቷል፤ 11ዱም በአንዲት ነርስ ስም። ማታ በራሷ ፓስወርድ ሲስተሙ ውስጥ ከገባች በኋላ ሳትዘጋው ስለሄደች ተረኛው ሁሉ በእሷ ስም ሲሠራ አደረ። እኔም የሰጠሁትን መድኃኒት በእሷ ስም መዝግቤያለሁ። ዘግቶ በራስ ፓስወርድ መግባት ጊዜ ይፈጃል፣ ታካሚ ደግሞ እየተጣራ ነው። ቢሆንም ጥፋት ነበር፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

አጥብቆ መቆለፍም አያዋጣም። ራሱን ስቶ የመጣ ሰው የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማው ወዲያው ማወቅ አለብኝ። ለዚህ ነው አንዳንድ ሲስተሞች ከመከልከል ይልቅ «ለምን ፈለግሽው?» ብለው የሚጠይቁት። ምክንያትሽን ጽፈሽ ትገቢያለሽ፤ በኋላ ሌላ ሰው ያጣራዋል። እኔ ይህን አሠራር እደግፋለሁ። ግን የሚያጣራ ከሌለ፣ ወይም የገባሽበት ስም የሌላ ሰው ከሆነ፣ ምን ይረባል?

ብዙ ሰው የሚፈራው ከውጭ የሚመጣውን ሌባ ነው። እውነት አለው። ፊንላንድ ውስጥ ቫስታሞ ከተባለ የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት የታካሚዎችን ማስታወሻ የሰረቀ ሰው፣ ድርጅቱ አልከፍልም ሲለው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ለታካሚዎቹ ለራሳቸው ኢሜይል ላከ፦ 200 ዩሮ በቢትኮይን ክፈሉ፣ አለዚያ ለሐኪማችሁ የነገራችሁትን አወጣዋለሁ። ያን ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ። የእኛ ባልደረባ ምስጢር ግን የወጣው ያለ ምንም ሌባ ነው።

ተሽሏት ወደ ሥራ ስትመለስ፣ አልጋ አብረን እያነጠፍን ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አንቺም አይተሽዋል?» አለችኝ።

«አላየሁም» አልኳት። እውነቴን ነው። የአንሶላውን ጫፍ እንደያዘች ዝም ብላ አየችኝ። የማሳያት ማስረጃ አልነበረኝም፤ መዝገቡ ላይ እኔም ሆንኩ ያዩት ሰዎች ስማችን አንድ ነው።