ኔትወርኩ ያለው ድንጋዩ ላይ ነው

የሶላር ባትሪና ሐኪም ታካሚን ከሩቅ በቪዲዮ የሚያይበትን መሣሪያ ይዘን የምንሄድበት ጤና ኬላ፣ መኪናው ካወረደን ቦታ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ነው ተብሎ ነበር። ስድስት ፈጀብን። ስለ መንገዱ ብዙ አልልም፤ ጭቃ ነው። የበቅሎው ባለቤት ግን የተስማማንበትን ሒሳብ ዳገቱ መሃል ላይ እጥፍ አደረገው። "ባትሪው ይከብዳላ!" አለኝ። አልዋሸም። እየተነጫነጭኩ ከፈልኩ።

ጤና ኬላው ውስጥ አደርኩ። አደርኩ እንጂ አልተኛሁም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ስላልነበረ ባትሪው ወርዶ፣ መቆጣጠሪያው ሌሊቱን ሲጮህ አነጋ። ከግማሽ በታች ሲወርድ እንዲጮህ ያደረግኩት ራሴ ነኝ፤ የእርሳስ ባትሪ ከዚያ በታች እየወረደ ከሠራ ዕድሜው ያጥራል። ሦስት ጊዜ ተነስቼ ገመዱን ልነቅለው ነበር።

ጠዋት የመጀመሪያ ታካሚያችን የእግር ቁስል ያለባቸው አዛውንት እናት ነበሩ። የደም ኦክስጅን መለኪያውን ጣታቸው ላይ ሰካሁት። 84 በመቶ! በጣም ዝቅ ያለ ነው። ደንግጬ ሐኪሙን በቪዲዮ ልጠራ ተጣደፍኩ። ምስሉ ተቆራረጠ፣ ቆመ፣ ጠፋ። ነርሷ ግን ዝም ብላ የእማማን እጅ በሁለት መዳፏ ይዛ ታሸው ጀመር። እንደገና ሰካችው። 95። መሣሪያው በጣት ውስጥ ብርሃን አሳልፎ ነው የሚለካው፤ እጅ ሲቀዘቅዝ የደም ዝውውሩ ስለሚቀንስ ይሳሳታል። ይህንን እኔው በጻፍኩት መመሪያ ገጽ 3 ላይ አስፍሬዋለሁ።

"ኢንጂነር፣ ኔትወርኩ ያለው ድንጋዩ ላይ ነው" አለች ነርሷ። ለካ በየቀኑ እዚያ እየወጣች ነው ሪፖርት የምትልከው። ያ ባለ በቅሎ ሳልጠይቀው እጄን ይዞ አወጣኝ፤ በነፃ።

የቁስሉን ፎቶ 100 ኪሎባይት አካባቢ አድርጌ፣ ሦስት መስመር ጽፌበት ላክሁ። ሐኪሙ በዚያች ደቂቃ ስክሪን ፊት መገኘት የለበትም፤ ሲመቸው ከፍቶ ያየዋል። ቢሮ ኢንተርኔት ለአምስት ደቂቃ ሲቋረጥ የምጮኸው ሰውዬ፣ ለአንድ ፎቶ ሩብ ሰዓት ቁጭ አልኩ። ሆላንዳዊው የልብ ተመራማሪ ዊለም አይንቶቨን ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1905 ከሆስፒታል እስከ ቤተ ሙከራው 1.5 ኪሎ ሜትር በስልክ ሽቦ የልብ ምት አስተላልፎ መዝግቧል። እሱ ቪዲዮ አላስፈለገውም።

ከሰዓት መልስ መጣ። አጥባችሁ ሸፍኑት፣ ከሦስት ቀን በኋላ ሌላ ፎቶ ላኩ።

ባትሪውን ትቼ የቪዲዮ ካሜራውን መልሼ ጫንኩት። ባለ በቅሎው በእጁ መዘን አደረገና "ይቺስ ቀላል ናት" አለ። ሒሳቡ ግን ያው ነው።