በር የሚያንኳኳው ዶክተር

ለሁለት ወር ዳታ ሰብሳቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። ቤት ለቤት እየዞርኩ መጠይቅ አስሞላ ነበር። በአራተኛው ቀን እግሬ አብጦ፣ አንድ በር ላይ ሳላንኳኳ «ቤት ውስጥ ሰው የለም» ብዬ ልጽፍ ምንም አልቀረኝም። ለዚህ ነው ጥቁር አሜሪካዊውን የሶሲዮሎጂ ምሁር ደብሊው ኢ ቢ ዱ ቦይስን ሳነብ ከፍልስፍናው በፊት እግሩ ያሳዘነኝ።

(«ዱ ቧ» የምትሉ ፈረንሳይኛ አዋቂዎች ይቅርታ፤ ባለቤቱ ራሱ ዱ ቦይስ ነው የሚለው።)

እ.ኤ.አ. በ1896 የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊላደልፊያን ጥቁሮች እንዲያጠና ቀጠረው። በርሊን ተምሮ መጥቷል፣ ከሃርቫርድ ዶክትሬቱን ይዟል። የሰጡት ማዕረግ ግን የሶሲዮሎጂ «ረዳት» የምትል ናት። ማስተማር የለ፣ ከመምህራን ዝርዝር ውስጥ ስሙ የለ። ደመወዙ ለዓመቱ 900 ዶላር!

አዲስ ካገባት ከኒና ጋር ሰባተኛው ዋርድ በሚባለው የፊላደልፊያ ጥቁሮች ሰፈር ውስጥ፣ ከምግብ ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ተከራየ። ከዚያ ማንኳኳት ጀመረ። ወደ 2,500 ቤት፣ ራሱ በእግሩ። አንዱ ቤት 10 ደቂቃ፣ ሌላው አንድ ሰዓት። ስንት ናችሁ? ምን ትሠራላችሁ? ኪራይ ስንት ነው? ሰዉም እጁን ዘርግቶ አልተቀበለውም። እንደ ብርቅ እንስሳ መጠናት ማን ይወዳል? እሱ ግን ቤቶቹን አንድ በአንድ ካርታ ላይ አስቀምጦ በአራት ቀለም ለያቸው። ከተማው «ጥቁሮች» ብሎ በጅምላ የሚጠራው ሰፈር ውስጥ ወንጀለኛውም፣ ድሃውም፣ ሠርቶ አዳሪውም፣ ደህና ኑሮ ያለውም ጎን ለጎን ታዩ።

ጥናቱ በ1899 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ዱ ቦይስ አትላንታ ያስተምር ነበር። ሳም ሆዝ የሚባል ጥቁር ሠራተኛ አሠሪውን ገደለ ተብሎ ይታደናል። ዱ ቦይስ ስለ ጉዳዩ በእርጋታ የጻፈውን ደብዳቤ ይዞ ወደ ጋዜጣው ቢሮ ሲሄድ መንገድ ላይ ወሬው ደረሰው። ሰውየውን መንጋ አቃጥሎታል። የጣቶቹ አንጓ ሚቼል ጎዳና ላይ፣ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ውስጥ ለእይታ ተቀምጧል።

ደብዳቤውን ሳያደርስ ተመለሰ። በወሩ ደግሞ ሕፃን ልጁ ሞተ።

ቁጥሩን ግን አልተወም። በ1900 ከተማሪዎቹ ጋር በእጅ ያዘጋጃቸውን ቻርቶች ለፓሪሱ ኤግዚቢሽን ላከ። አንዱ ላይ የጆርጂያ የገጠር ጥቁሮችን የሚያሳየው ቀይ መስመር ወረቀቱ አልበቃው ብሎ እንደ ቀንድ አውጣ ይጠቀለላል። 734,952 ሰው።