ኦድሪ ሄፕበርንና ካሜራው

ሰሞኑን የሆሊውድ ተዋናይቷን የኦድሪ ሄፕበርንን ፎቶዎች እያየሁ ነው፣ የፊልሞቿን አይደለም፣ ከነዛ በኋላ ከህፃናት ጋር የተነሳቻቸውን። እውነቱን ለመናገር ዝነኛ ሰው የተራበ ልጅ አቅፎ ሲነሳ ሳይ ደሜ ይፈላል፣ ልጁ የኛ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ከ77ቱ ድርቅ ጀምሮ ስንቱ የውጭ ሰው በዛ ምስል ብቻ እንደሚያውቀን እናውቃለን መቼም።

የሷን ግን እንደሌሎቹ ማየት አቃተኝ። ለዩኒሴፍ የመጀመሪያ ጉዞዋ ወደኛ ነበር፣ እ.ኤ.አ 1988፣ ማለትም በ1980 መጋቢት፣ መቀሌ 500 ልጆች ያሉበት ማሳደጊያ ድረስ ሄደች። እና እኔን የያዘኝ ምን መሰላችሁ፣ ሴትየዋ ረሀብን ከወሬ አይደለም የምታውቀው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ በ1944 የብርድ ወራት፣ ጀርመኖች ሆላንድ ምግብ እንዳይገባ ሲዘጉባት እሷ አርንሄም አካባቢ ያለች የ15 ዓመት ልጅ ነበረች፣ ሰው የቱሊፕ አበባ ስር ቀቅሎ የበላበት ጊዜ ነው፣ ከ20 ሺህ በላይ ሰው አልቋል ይባላል፣ እሷም ደሟ አንሶ እግሯ አብጦ ነው የተረፈችው። ጦርነቱ ሲያልቅ የእርዳታ ምግብና መድኃኒት ከደረሳቸው ልጆች አንዷ ነች። ስለዚህ መቀሌ ስትገባ ካሜራው ወዲያ ማዶ የቆሙት ልጆች ለሷ እንግዳ አልነበሩም፣ እኔ እንደዛ ነው የሚመስለኝ።

ደግሞ ፎቶ ተነስታ እልም አላለችም። እ.ኤ.አ በ1989 የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርባ ስለ ረሀብ ተናገረች፣ ሱዳን፣ ባንግላዴሽ፣ ቬትናም ሄደች፣ ደሞዟ በዓመት 1 ዶላር (ለወጉ ያህል ነው እንግዲህ)። ኦስካሩን በ24 ዓመቷ ስለወሰደች የሆሊውድ ዝና የሚያጓጓት አይመስለኝም፣ ያንን ዝና ግን ጋዜጠኛ መጥሪያ አደረገችው፣ ብልህ ነች። እ.ኤ.አ መስከረም 1992 ሶማሊያ ነበረች፣ ስትመለስ ሆዷን ያማት ጀመር፣ ካንሰር ሆኖ ተገኘና ጥር 1993 በ63 ዓመቷ ሞተች።

ያም ሆኖ ቅሬታዬ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። ባየኋቸው ፎቶዎች ስር የሷ ስም አለ፣ የልጆቹ የለም። ያኔ ህፃን የነበረው ዛሬ በህይወት ካለ ጎልማሳ ሆኗል፣ እና እኔ አሁን ስለሷ እሱ ሲያወራ ብሰማ ነው ደስ የሚለኝ፣ እሷን ማን እንደሆነች ሳያውቅ ምን እንዳሰበ፣ ያ ሁሉ ካሜራ አስጨንቆት እንደነበርም ጭምር።