ጫማና ጃንጥላ

ይህን ምስክርነት እስካሁን ያልጻፍኩት ስለቱ ስላልገባ ነበር። አሁን ገብቷል።

ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ የነነዌ ጾም የገባ ዕለት ነው። ያኔ ቱርክ፣ ጋዚያንቴፕ ከተማ ተማሪ ነበርኩ። አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ17 ላይ አልጋዬ ከግድግዳው ጋር ይጋጭ ጀመር። ሰው የሚቀሰቅሰኝ መስሎኝ «እሺ፣ ተነሣሁ» አልኩ። ከዚያ መሬቱ ከሥር አጓራ። መጠኑ 7.8 መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ያጠናሁት ጸሎት ሁሉ ጠፋብኝ። ከአፌ የወጣው «ጊዮርጊስ! ጊዮርጊስ!» ብቻ ነው። የጎጃም ቢቸና ልጅ፣ የዲማ ጊዮርጊስ ገዳም ጎረቤት፣ ሌላ ምን ይላል?

ሲቆም ደረጃውን በጨለማ እየዳበስኩ ወረድኩ። ውጭ በረዶ ይጥላል። እኔ ፒጃማ ለብሻለሁ፣ እግሬ ባዶ ነው። ቆሜ ስንቀጠቀጥ አንዲት ሴት ክንዴን ይዛ መኪና ውስጥ አስገባችኝ። አላውቃትም። ከጦርነት ሸሽተው እዚያ ከተማ ከገቡት ብዙ መቶ ሺህ ሶርያውያን አንዷ ናት። ሁለታችንም ቱርክኛችን ስብርብር ያለ ነው። እግሬን አየች። የራሷን ጫማ አወለቀችና አጠለቀችልኝ። በሁለት ቁጥር ይሰፋኛል። እሷ በካልሲ ቀረች። እንቢ ስላት ተቆጣችኝ። ቁጣዋ እናቴን ቁጭ!

በዚያች አሮጌ መኪና ስምንት ሆነን ነጋ። ባሏ ቤንዚኑ እንዳያልቅ ሞተሩን እያስነሣ ያጠፋዋል። ጠዋት አንድ መስጊድ ገባን፤ ምንጣፉ ላይ ሕፃናት ተኝተዋል። አንገቴ ላይ ማዕተብ አለ፤ ማንም «አንቺ ምንድነሽ?» አላለኝም። ትኩስ የምስር ሾርባ ሰጡኝ። ምስር ስለሆነ ጾም ነው፤ ሰዓቱን ግን አልጠበቅኩም፣ ይቅር ይበለኝ።

ቀትር ካለፈ በኋላ ፓስፖርቴን ላምጣ ብዬ ወደ ቤት ሄድኩ። ሴትዮዋ ተከተለችኝ። ደረጃው ሥር ስደርስ ልብሴን ጨምድዳ ያዘችኝ። እኔ ልቀቂኝ፣ እሷ አትገቢም። እንዲህ ስንጓተት 7 ሰዓት ከ24 ሆነና ሁለተኛው መጣ፤ 7.5። ልወጣበት የነበረው ደረጃ ዓይኔ እያየ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ስላየሁት ብዙ መናገር አልወድም። ቱርክ ውስጥ ብቻ ከ50 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። ፍርስራሹ ጋ ማሽኑ ሁሉ ይጠፋል፣ ሰዉ ጸጥ ይላል፣ አንዱ ጎንበስ ብሎ «ድምፄን የሚሰማ አለ?» ብሎ ይጣራል። መልስ የሌለው ዝምታ አሁንም በሕልሜ ይመጣል።

እናቴ ያን ቀን ቅዳሴ ላይ ነበረች። ወደ 9 ሰዓት ገደማ ስትመለስ የጎረቤት ልጅ «እትዬ፣ ቱርክ ፈረሰች እኮ» አላት። እንዲህ ይነገራል? እህል ሳትቀምስ ተመልሳ ሄደች። «ልጄን በእግሯ ቆማ አሳየኝ እንጂ ዲማ ድረስ ጃንጥላ ይዤ እመጣለሁ» ብላ ለጊዮርጊስ ተሳለች። እኔ ስልክ ያገኘሁት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ያውም በሰው ስልክ። መጀመሪያ ዝም ብላ አለቀሰች። ቀጥላ «እህል ቀምሰሻል?» አለችኝ።

አንድ ቀን ነገሩን ሳጫውታት፣ «እማዬ፣ ሴትዮዋ ጫማውን የሰጠችኝ እኮ አንቺ ከመሳልሽ በፊት ነው» አልኳት። የተማረ ሰው ነገር!

«ኧረ ወዲያ! ጊዮርጊስ የእኔን ሰዓት አይቶ ነው የሚነሣ? ደግሞስ አባቱ የቀጰዶቅያ ሰው አይደለም ወይ? አገሩን ያውቀዋል!»

ቀጰዶቅያ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ናት። ምን እላታለሁ?

ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ ደግሞ የጎጃም መንገድ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ጊዜው ነጎደ። ጃንጥላው ተገዝቶ ቁም ሣጥን ላይ ከረመ። በመጨረሻ እኔና እናቴ ዲማ ሄደን አስገባነው። እናቴ ማታ ማታ ስትጸልይ የዘመዱን ስም ጠርታ ስትጨርስ «ያችን የጫማዋን ሴት» ትላለች። ስሟን ነግሬያታለሁ፤ አልያዝላት ብሎ ነው።

ጫማውን የወሰደችው እናቴ ናት። ለሷ ልኳ ነው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አውልቃ ስትገባ ሌባ እንዳይወስደው ታስጠብቀኛለች።